ቆርቆሮውን በዘጠኝ ሰዓት፣ ሶሌታውን በምሽት፦ የአዳማ ኪራይ ቤቶች ለወጣት ጥንዶች

ከአዲስ አበባ ብርድ ሸሽተው ወደ ሞቃት ከተማ መውረድ የሚፈልጉ ባልና ሚስት ክርክራቸው ብዙውን ጊዜ «አዳማ ወይስ ሐዋሳ?» የሚል ነው። እንደኛ ከሆነ ክርክሩ ቦታውን ስቷል። አዳማ ውስጥ በአንድ አጥር የሚዋሰኑ ሁለት ቤቶች ታገኛላችሁ፤ በአንዱ ሚያዝያ ላይ ከምሳ በኋላ ጋደም ብሎ እንቅልፍ መውሰድ ይቻላል፣ በሌላው ገበታው ሳይነሳ ላብ ያጠምቃል። የሚለያዩት በጣሪያቸው ነው። ስለዚህ እዚህ የሚገመገሙት ለሁለት ሰው የሚቀርቡት የኪራይ ቤት ዓይነቶች ናቸው።

የከተማውን ጉዳይ ግን በአጭሩ እንጨርሰው። ሁለቱም ከተሞች ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆኑ በሙቀት ብዙም አይበላለጡም። ሐዋሳ ሐይቅ አላት፣ ጥላ አላት፣ ሜዳ በመሆኗ ብስክሌት ይነዳባታል፣ ጠዋት አሞራ ገደል ወርዶ የዓሣ ሾርባ መጠጣት ይቻላል። ግን ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። አዳማ 100 ቢሆን ነው። የፍጥነት መንገዱ በ2007 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ከቱሉ ዲምቱ አዳማ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ጊዜ የሚበላው ከቱሉ ዲምቱ ወደ መሃል ከተማ የሚገባው መንገድ ነው። ከሁለት አንዳችሁ አዲስ አበባ ቢሮ ካላችሁና በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ብቻ የምትሄዱ ከሆነ አዳማ ያዋጣል። በየቀኑ መመላለስ ግን አይሞከር፤ በወሩ መጨረሻ የታክሲና የአውቶቡሱ ሒሳብ ከኪራይ የተረፈውን ጠራርጎ ይወስደዋል። ባቡሩን አትቁጠሩት፤ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው፣ መስመሩም ለጅቡቲ ጉዞ እንጂ ለቢሮ ሰዓት የተሠራ አይደለም። ሁለታችሁም ከቤት የምትሠሩ ወይም ሥራችሁ እዚያው ሐዋሳ ከሆነ ያለ ብዙ ማሰብ ሐዋሳ ግቡ። ከዚህ በታች ስለ ጣሪያ፣ ስለ ውሃና ስለ ውል የምንለው እዚያም ይሠራል።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ወደ ታች በወረድን ቁጥር በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባና አዳማ ከ600 ሜትር በላይ ስለሚለያዩ በአማካይ አራት ዲግሪ ይመጣል። ሽሮ ሜዳ ላደገ ሰው ልዩነቱ ከዚያ ይበልጣል፣ አቃቂ ለኖረ ደግሞ ያንሳል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቀኑ 30 ዲግሪን ይነካል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ብርድ አለው፤ ጋቢና ብርድ ልብሳችሁን ለዘመድ አድላችሁ እንዳትመጡ።

ጣሪያው ለምን ዋናው ነገር ሆነ? አዳማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ላይ ናት። በዚህ ምክንያት ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ ቀትር ላይ በቀጥታ አናት ላይ ትቆማለች። የነሐሴውን ደመና ይጋርደዋል፤ ሚያዝያ ላይ ግን የሚጋርዳት የለም። በዚያ ሰዓት ግድግዳው በራሱ ጥላ ውስጥ ነው፣ ጣሪያው ግን ሙሉውን ይቀበላል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተራው የምዕራቡ ግድግዳ ይሆናል። ስለዚህ ቤት ስታዩ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ከላይ ምን አለ? መኝታ ቤቱ ወደ ምዕራብ ነው ወይ?

ቆርቆሮና ሶሌታ በሙቀት ጊዜ ፀባያቸው አንድ አይደለም፣ የሚታዩበትም ሰዓት ይለያያል። ቆርቆሮ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎም ይበርዳል፤ ክፋቱ የሚታየው ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ነው። የአርማታ ሶሌታ ቀን የጠጣውን ሙቀት ቀስ አድርጎ ሌሊት ወደ ክፍሉ ይለቀዋል፤ በዘጠኝ ሰዓት ስትገቡ ቀዝቀዝ ብሎ ያታልላችኋል፣ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ግን አልጋችሁ ላይ ምድጃ የተደፋ ይመስላል። ደላላ ቤት የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የአዳማ ቤት ሁሉ ጥሩ ነው። የቆርቆሮ ቤት ከሆነ በዘጠኝ ሰዓት፣ ከላዩ ሶሌታ ብቻ ያለው ከሆነ በምሽት እንደገና ካላየን አንፈርምም በሉ። ስትገቡ በርና መስኮቱን ዘግታችሁ መኝታ ቤት ውስጥ አሥር ደቂቃ ቁሙ። መዳፋችሁን በምዕራቡ ግድግዳ ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፉ፤ ቡና የተቀዳበት ሲኒ ያህል ከሞቀ አልጋው እዚያ ግድግዳ ጋ ሊሆን አይችልም። ሌላ ግድግዳ አልጋ የማያስገባ ከሆነ ቤቱን ተዉት።

በነገራችን ላይ ቤት መፈለጊያው ወቅት መጋቢትና ሚያዝያ ነው። በታኅሣሥ የታየ ቤት ቃሉን አይጠብቅም።

ሰርቪስ ቤት

በግቢው ጓሮ ከአጥር ጋር ተያይዞ የሚሠራው አንድ ወይም ሁለት ክፍል ነው። ኪራዩ ዝቅተኛ ስለሆነ አዲስ ጥንዶች መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። እኛ ግን ከሁሉም ዝቅ ያለ ደረጃ የምንሰጠው ለሱ ነው። ጣሪያው ወደ አንድ ወገን ብቻ ያዘነበለ ነው፤ ዝቅ ባለው በኩል ኮርኒሱና ቆርቆሮው ሊነካኩ ምንም አይቀራቸው። የጀርባው ግድግዳ ራሱ አጥሩ ስለሆነ መስኮት ያለው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ አየር ይገባል እንጂ አያልፍም። ብዙ ጊዜ ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው። አቡጀዲ አቧራ ይይዛል እንጂ ሙቀት አይዝም። ፒቪሲ ኮርኒስም ለዓይን ያምራል፣ ግን ስስ ስለሆነ ከቆርቆሮው ስር ብቻውን ብዙ አያግዝም። ቺፕውድ ከሁለቱም ይሻላል።

ሰርቪስ ቤት የሚያዋጣበት አንድ ሁኔታ አለ፦ በላዩ ላይ ማንጎ ወይም ኒም ካጠላበት። ጥላው ከምሳ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጣሪያው ላይ የሚቆይ ከሆነ ያ ክፍል ከፊት ካለው ዋና ቤት ይቀዘቅዛል። ዛፉን አከራዩ ሊቆርጠው እንዳላሰበ ጠይቁ፤ ቅጠሉ የቆርቆሮውን አሸንዳ ይዘጋል ብለው የሚቆርጡ ብዙ ናቸው።

ዝገት የያዘ ቆርቆሮ ከአዲሱ የበለጠ ፀሐይ ይጠጣል። አከራዩ ፈቃደኛ ከሆነ ጣሪያውን ከላይ ነጭ ቀለም ማስቀባት ካላችሁ አማራጭ ሁሉ ርካሹ ነው። ወጪውን ከኪራይ እንዲታሰብ ጠይቁና በውሉ ላይ አስፍሩት።

ሙሉ ግቢ፣ ከጭቃም ከብሎኬትም

ለሁለት ሰው ሙሉ ግቢ ትልቅ ይመስላል፣ ኪራዩም ከፍ ይላል። ግን የቆየ የጭቃ ቤት ያለበት ግቢ ካገኛችሁ አትናቁት። የጭቃ ግድግዳ ወፍራም ነው፣ ሙቀትን ያዘገያል፤ ኮርኒሱ ከፍ ያለ ከሆነ (ከወለል እስከ ኮርኒስ 2.8 ሜትርና ከዚያ በላይ) በሚያዝያም ይኖርበታል። ባዶ ቀዳዳ ያለው ብሎኬት፣ በተለይ የ15 ሴንቲ ሜትሩ፣ ሳይለሰን ከቆየ ለምዕራብ ፀሐይ ደካማ ነው። የውጭ ግድግዳ ከሆነ 20ውን ፈልጉ።

የጭቃ ቤት ጠላቱ ምስጥ ነው። ከወለሉ ተነስቶ በግድግዳው ወደ ላይ የሚወጣ የእርሳስ ውፍረት ያለው የአፈር መስመር ካያችሁ ምስጥ መንገዱን ሠርቷል። በጥፍራችሁ አፍርሱትና በሁለተኛው ጉብኝት እዩት፤ ከተጠገነ ምስጡ በሕይወት አለ፣ ቁም ሣጥናችሁንም ይጠብቃል። የበሩን መቃን ታችኛውን ጫፍ በቁልፍ ወጋ ወጋ አድርጉ፤ ቁልፉ ከገባ ውስጡ ተበልቷል።

በክረምት ከዙሪያው ኮረብታ የሚወርደው ጎርፍ የአዳማ የታወቀ ችግር ነው፤ ከተማዋ ጎድጓዳ ላይ ናት። የቤቱ ወለል ከመንገዱ ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። የአጥሩን ግንብ ከውጭ በኩል እዩ፤ ከታች ቡናማ መስመር ካለ ውሃው የደረሰበት ልክ ያ ነው። የጎረቤቶቹ የበር ደፍ በአርማታ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ከሆነ ምክንያት አላቸው። ከደላላው ይልቅ የሠፈሩን የባጃጅ ወይም የጋሪ ነጂ ጠይቁ፤ ነሐሴ ላይ የትኛው መንገድ እንደማያሳልፍ እሱ ነው የሚያውቀው።

ኮንዶሚኒየም

አንድ መኝታ ቤት ያለው ኮንዶሚኒየም ለጥንዶች መካከለኛ ምርጫ ነው፤ እንደኛ ከሁሉም የተሻለ። ግን ፎቁን ምረጡ። ምድር ላይ ያለው አቧራና ትንኝ ይበዛበታል። የመጨረሻው ፎቅ ላይ ደግሞ ሁለት መከራ አለ፦ ጣሪያው ቅርብ ነው፣ ውሃውም አይደርስም። ሊፍት የለም፣ ስለዚህ ውሃ በጠፋ ቀን ጀሪካኑን በትከሻ ነው። አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ ሁነኛ ናቸው፤ ከላይ ያለው ጎረቤት ጣሪያችሁ ነው፣ ሙቀቱን እሱ ይቀበልላችኋል። በተቃራኒ ወገን ሁለት መስኮት ያለው ቤት ምረጡ። አዳማ ነፋስ አያጣትም፤ ከተማዋ አቅራቢያ ኮረብታ ላይ በጠቅላላው 204 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 136 የነፋስ ተርባይኖች የተተከሉት ለጌጥ አይደለም። ነፋሱ ግን አቧራውንም ይዞ ነው የሚመጣው፤ የበሩን ታች በጎማ ዝጉ፣ መስኮቱ ላይ ወንፊት ሽቦ ይኑር።

የኮንዶሚኒየም ጉዳት የጋራው ነገር ነው። ደረጃው፣ የፍሳሽ ጉድጓዱ፣ ጥበቃው። ከመፈረማችሁ በፊት ጉድጓዱ መጨረሻ የተመጠጠው መቼ እንደሆነና የጋራ መዋጮው ስንት እንደሆነ ከአከራዩ ሳይሆን ከጎረቤት ስሙ።

አዲስ ፎቅ ቤትና አፓርታማ

ሴራሚኩ ያበራል፣ መስታወቱ ሰፊ ነው፣ ኪራዩም በዚያው ልክ። ሰፊ መስታወት አዲስ አበባ ላይ ፀጋ ነው፣ አዳማ ላይ ግን ወደ ምዕራብ ከዞረ ዕዳ ነው። መጋረጃ ከውስጥ ብትሰቅሉ ሙቀቱ ቀድሞ ገብቷል፤ የሚያድነው ከውጭ የሚጋርድ ነገር፣ ባልኮኒ ወይም ሸራ ነው። የላይኛው ፎቅ ጣሪያ ባዶ ሶሌታ ከሆነና ከላዩ ቆርቆሮ ካልለበሰ፣ ቀደም ሲል ያልነው የምሽቱ ፈተና እዚህ ላይ ግዴታ ነው። ከቤት ዓይነቶቹ ዝቅ ያለው ሰርቪስ ቢሆንም፣ ከሁሉ የከፋው ነጠላ ቤት የትኛው ነው ብትሉን፣ የላይኛው ፎቅ ላይ ያለ፣ ባዶ ሶሌታ የተሸከመ፣ መኝታው ወደ ምዕራብ የሆነ «ላግዠሪ» ነው። ሰርቪሱ እንኳ ሌሊት ይቀዘቅዝ ነበር።

ውሃው

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የአዳማ ኑሮ ግማሹ ውሃ ነው። የከተማው የቧንቧ ውሃ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ ሲሆን፣ በብዙ ሠፈር በፈረቃ ነው። ስለዚህ የምትከራዩት ቤቱን ብቻ ሳይሆን ሮቶውንም ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ቁጠባ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች በቀን ለአንድ ሰው 60 ሊትር ቢጠቀሙ 120 ሊትር ነው፤ 1,000 ሊትር ሮቶ ስምንት ቀን ይወስዳችኋል። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ካለ በአንድ ዙር 50 ሊትር ቀንሱ። 500 ሊትር ሮቶ ለሁለት ሰው አራት ቀን ነው፤ የሠፈሩ ፈረቃ በሳምንት አንዴ ከሆነ አይበቃም። ፈረቃው በየስንት ቀን እንደሆነና ሌሊት ይምጣ ቀን፣ ከጎረቤት ሴቶች ጠይቁ። «ውሃ ሃያ አራት ሰዓት አለ» የሚል ደላላ ሮቶውን ማለቱ ነው።

ሮቶው የግላችሁ ነው ወይስ የግቢው? የጋራ ከሆነ ስንት ቤተሰብ? ይህ ጥያቄ ከኪራዩ ዋጋ ቀጥሎ ዋናው ነው።

ግፊቱን ለመለካት 20 ሊትር ጀሪካን ይዛችሁ ሂዱ። የወጥ ቤቱን ቧንቧ ሙሉ ከፍታችሁ ሰዓት ያዙ፤ በሁለት ደቂቃ ከሞላ ጥሩ፣ አራት ደቂቃ ካለፈ ሻወሩ ይንጠባጠባል። ምክንያቱ ከፍታ ነው፦ ውሃ በየ10 ሜትሩ ቁመት አንድ ባር ግፊት ያገኛል፤ ሮቶው ከሻወሩ 2 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ግፊቱ 0.2 ባር ነው። በዚያ ግፊት ቅጽበታዊ የውሃ ማሞቂያ ላይበራ ይችላል። ደግነቱ አዳማ ላይ ጥቁሩ ሮቶ ራሱ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል፤ አመሻሽ ላይ የሚታጠብ ሰው ማሞቂያ አይፈልግም።

አንድ ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ቶን ነው። በተጣመመ ላሜራ ወይም በእንጨት መቆሚያ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ስር ልብስ አታስጡ። በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ አዳማ ለምንጩ ይበልጥ ቅርብ ነበረች፤ መቆሚያው ከግድግዳ ጋር መታሰሩን፣ እግሩም አርማታ ውስጥ መቀበሩን እዩ።

የፍሎራይድ ጉዳይ ልጅ ለሚያስቡ ጥንዶች ነው። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ በተፈጥሮ ይበዛል፤ በወንጂ አካባቢ ጥርሳቸው ቡናማ የሆነ ሰዎች የሚታዩት ለዚህ ነው። የተፈቀደው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ጥርሱ የሚበላሸው ገና በሚሠራበት ዕድሜ፣ እስከ ስምንት ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ የአዋቂን የበቀለ ጥርስ አያጠቁርም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ውሃ ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም፣ ውሃው ሲተንን ይልቁንም ያከማቸዋል። ተራ የሸክላ ማጣሪያም አያወጣውም። ስለዚህ ግቢው የራሱ ጉድጓድ አለው ተብሎ ሲወደስ አትደሰቱ፤ «ተመርምሯል ወይ?» ብላችሁ ወረቀቱን ጠይቁ። ወረቀት ከሌለ ጉድጓዱ ለልብስና ለአትክልት፣ የቧንቧው ለመጠጥና ለወጥ ይሁን። በቦቴ የሚሸጥ ውሃም ከየት እንደተቀዳ ይጠየቃል።

የሮቶው ክዳን መገጠም አለበት። አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የምትባለው ወባ አስተላላፊ ትንኝ ከሌሎቹ በተለየ ከተማ ውስጥ፣ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ላይ ትራባለች፤ በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ሆና ተገኝታለች። ከ2,000 ሜትር በታች ለሚኖር ሰው ወባ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር አጎበር ይሰቀል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ትኩሳት ሲይዘው «ጉንፋን ነው» ብሎ ሁለት ቀን ይተኛል፤ አዳማ ላይ በመጀመሪያው ቀን ደም መመርመር ነው።

መብራቱ

ኤሲ አያስፈልጋችሁም። ጥሩ ጣሪያ ያለው ቤት ውስጥ የጣሪያ ማራገቢያ ይበቃል። 60 ዋት የሚወስድ ማራገቢያ በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ በወር 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። አንድ ኪሎ ዋት ገደማ የሚወስድ ኤሲ በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ እስከ 180 ይደርሳል። የመብራት ታሪፍ በፍጆታ ደረጃ ስለሚጨምር ልዩነቱ ከአሥር እጥፍም ያልፋል። የጋራ ቆጣሪ ክፉ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፦ ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲደመር ሁላችሁም ውዱ ደረጃ ላይ ትወጣላችሁ፣ ከዚያ በአምፖል ቁጥር ስታካፍሉ ጠብ ይመጣል። የራሱ ቆጣሪ ያለው ቤት ትንሽ ቢወደድም ይሻላል።

የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ቢወስድ 16 አምፔር ነው። ሶኬቱ ከስስ ሽቦ የተሳበ ከሆነ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። የምጣዱ ሶኬት ከቆጣሪው ሳጥን የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር እንዳለው አስከፍታችሁ እዩ።

ምጣድ ካነሳን ስለ ሊጥ አንድ ነገር። አዲስ አበባ ላይ ሦስት ቀን የሚፈልገው ሊጥ አዳማ ላይ በሁለተኛው ቀን ይደርሳል፣ ካለፈም ይኮመጥጣል። እርሾውን በግማሽ ቀንሱ። እንጀራውም ቶሎ ይሻግታል፤ በሳምንት አንዴ ሃያ እንጀራ ከመጋገር ሁለት ጊዜ አሥር አሥር ይሻላል። ሽሮና በርበሬ በጠባብ ዕቃ፣ ክዳኑ ጥብቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ነቀዝ ሙቀት ይወዳል።

ደላላና ውል

የደላላውን ኮሚሽን ቤት ከማየታችሁ በፊት ተስማሙ፤ በስልክ መልእክት ይጻፍላችሁ። አንድ ቤት ለሦስት ደላላ ስለሚሰጥ፣ ሁለት ደላላ አንድ ቤት ካሳዩአችሁ ሁለቱም ኮሚሽን ይጠይቃሉ። መጀመሪያ ያሳየውን ስም ያዙ። «ሌላ ሰው ቀብድ ሊያስገባ ነው» የሚለውን ስትሰሙ ቤቱ በዘጠኝ ሰዓት እንዳይታይ መሆኑን ጠርጥሩ።

ቀብድ ለደላላ አይሰጥም፤ ለአከራዩ በባንክ ነው። ያ ሰውዬ በእርግጥ ባለቤቱ ወይም ውክልና ያለው መሆኑን ከካርታው ወይም ከውክልና ወረቀቱ አረጋግጡ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዝቅተኛው የውል ዘመን ሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አዋጁ በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በሚወስነው መሠረት ስለሆነ በምትገቡበት ቀበሌ ምዝገባው የት እንደሚካሄድ ጠይቁ። ስድስት ወር ቅድሚያ የሚጠይቅ አከራይ ካጋጠማችሁ ሕጉን ጠቅሱ፤ ቤቱ ቢያመልጣችሁም አትቆጩ።

በውሉ ላይ ስም፣ ኪራይ፣ ሁለት ምስክርና የሚከተሉት ይግቡ፦ ሮቶው የማን ነው፣ ቆጣሪው የማን ነው፣ የፍሳሽ ጉድጓድ ማስመጠጫውን ማን ይከፍላል፣ ጣሪያ ቢያፈስ በስንት ቀን ይጠገናል። ቁልፍ በተረከባችሁበት ቀን የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብ ፎቶ አንሱና ለአከራዩ ላኩለት፤ ያለፈው ተከራይ ዕዳ በእናንተ ላይ የሚወድቀው ይህ ስለሚረሳ ነው። መሸኛም ከአዲስ አበባ ወረዳችሁ ሳትወጡ አስጽፉ፤ አዳማ ከገባችሁ በኋላ ለአንድ ወረቀት 100 ኪሎ ሜትር መመለስ ያናድዳል።

ዕቃ ስትጭኑ ምንጣፉንና ከባዱን መጋረጃ ተዉት፣ ሌላውን እንደ ኑሯችሁ። ፍሪጁን ግን ቆሞ አስጭኑት። ተጋድሞ ከመጣ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቱቦው ይሄዳል፤ ካቆማችሁት በኋላ ቢያንስ አራት ሰዓት ሳትሰኩት ይቆይ፣ ተጋድሞ የቆየ ከሆነ ሌሊቱን ይደር። ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር አርቁት፣ ከምዕራቡ ግድግዳ ደግሞ ጨርሶ።